ሳትለኩ አትፍቱ፦ ለመኪና ኤሌክትሪክ ተመራቂዎች በአዳማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የዛሬ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

አዳማ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ 22 ዓመት አለፈኝ። ዛሬ ስለ መኪና ቴፕ ላወራችሁ ነው። ከነገ ጀምሮ ደጃችሁ ላይ የሚቆመው ደንበኛ «ቴፑ ይጠፋብኛል፣ ቤዙ ሲመታ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ አትነሳልኝም» እያለ ነው የሚመጣው። ችግሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ኃይሉ መድረስ ያለበት ቦታ አልደረሰም።

ከአዳማ ሞጆ የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ድምፁን ከፍ ሲያደርገው አምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያው፣ ቀይ መብራት አብርቶ ቀጥ ይላል። እኔ ጋ ሲመጣ አምፕሊፋየሩን አንዴ አስቀይረውት ነበር። እኔም ሳልለካ «ባትሪህ ደክሟል» ብዬ አዲስ ባትሪ አስገዛሁት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አልተቆጣኝም። «ጋሼ፣ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበር» ብቻ አለኝ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያን ዕለት ሞተሩን አስነስቼ፣ ረዳቱን ቴፑን ከፍ አድርገህ ያዝልኝ አልኩት። ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት አገኘሁ፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ግን 10.4። 3.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቴስተሩን፣ ማለትም የቮልት መለኪያውን፣ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ ሳደርግ 0.3 አነበብኩ። ይህ ደህና ነው። ቀጥዬ ከአምፕሊፋየሩ ማሳ፣ ማለትም ከረንቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ከሚመለስበት ጫፍ፣ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካሁ፤ 2.9! የማሳው ሽቦ የታሰረው በወንበር ብሎን ነበር። ከብሎኑ ሥር ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ዝገት። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ የሽቦውን ጫፍ ቀየርኩ፣ አጥብቄ አሰርኩና ዝገት እንዳይመለስበት ላዩን ግሪስ ቀባሁት። 2.9 የነበረው 0.1 ሆነ። አሮጌውን ባትሪ መልሼ አሰርኩለት፤ የአዲሱንም ገንዘብ መለስኩለት።

ልጆቼ፣ ልብ በሉልኝ፤ ያ ማሳ ቴፑ ጠፍቶ ቢለካ ኖሮ ምንም ችግር አያሳይም ነበር። ከረንት በማያልፍበት ጊዜ የተበላሸ ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳያችኋል። ጠባብ ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ድክመቱ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። ስለዚህ የምትለኩት እየሠራ፣ ጭነት ላይ እያለ ይሁን። ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ማሳየት አለበት። ሞተር ተነስቶም ከ13 በታች ከሆነ ቴፑን ተዉትና ባትሪውን ወደሚሞላው ዲናሞ ሂዱ። ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ የሚጮህ የፉጨት ድምፅ ከሰማችሁም ቀድማችሁ የምታዩት ማሳውን ነው።

ሒሳቡንም ለደንበኛው አስረዱት። በእውነት 500 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር፣ ግማሹን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዓይነት ከሆነ፣ ሙሉ ድምፅ ላይ ወደ 1000 ዋት ይስባል። በ14 ቮልት ከ70 አምፔር በላይ ማለት ነው። የትንሽ መኪና ዲናሞ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 አምፔር ነው፤ ከዚያ ላይ መብራት አለ፣ ማራገቢያ አለ። ለዚህ ሰው ካፓሲተር ሸጣችሁ አትሸኙት። ካፓሲተር ለቅጽበት ያጠራቅማል እንጂ ኃይል አያመነጭም።

ጠዋት የማትነሳዋ መኪናስ? ብዙ ጊዜ አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰው ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ሽቦ፣ ከቴፑ መውጫ መሆኑ ቀርቶ፣ ሁልጊዜ ኃይል ካለው ቢጫ ሽቦ ጋር ተቀጥሎ ታገኙታላችሁ። አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን አይተኛም። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢስብ፣ ዓርብ ማታ 1 ሰዓት የቆመች መኪና ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 30 አምፔር ሰዓት አጥታለች። ባትሪዋ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ከሆነ ምን ተረፋት? ሁሉን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ኔጌቲቩን ፈትታችሁ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በፈታችሁት ገመድና በባትሪው መሀል አስገቡ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ካነበባችሁ ቫልቮላዎቹን፣ ማለትም ፊውዞቹን፣ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉ። ቴስተሩ እንደተሰካ ግን ሞተር እንዳታስነሱ፤ ይቃጠላል።

ስለ ቫልቮላ ካነሳሁ አይቀር፤ ባለ 30 አምፔሩ ስለተቃጠለ ባለ 60 የሚተካ፣ የሲጋራ ብር ወረቀት የሚጠቀልል ሰው እናንተ መካከል አይገኝ። ቫልቮላ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ከባትሪው 45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ምንጣፍ ሥር ቀልጦ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ሽቦ በእጄ ነቅያለሁ፤ መኪናው ውስጥ ሦስት ሕፃናት ይመላለሱበት ነበር።

አሁን የከተማችን ጉዳይ። አዳማ የጅቡቲ መስመር ላይ ናት፤ ከባድ መኪና አይጠፋብንም። ከባድ መኪና ደግሞ ሁለት ባትሪ በተርታ አስሮ በ24 ቮልት ነው የሚሠራው። ቴፑ 12 ስለሚፈልግ ብዙ ባለሙያ ከሁለቱ ባትሪዎች መሀል ሽቦ ስቦ ይገላገላል። ቴፑ ይዘፍናል፤ ሹፌሩም አመስግኖ ይሄዳል። ነገር ግን አንዱ ባትሪ ብቻ ይበላል፤ ዲናሞው ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሚሞላቸው። የተበላው ሳይሞላ ይቀራል፣ ያልተበላው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውኃው ይፈላል። በአዋሽና በአፋር ሙቀት ይህ ሲጨመርበት ሁለቱም ባትሪ ያለ ዕድሜው ይሞታል። ሹፌሩም ሰው በሌለበት በረሃ ሌሊት ይቆማል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግዙለት። ይህን ያልኩት ለመሸጥ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት መንገድ ላይ ያደሩ ሹፌሮችን ስለማውቅ ነው።

ውጭ፣ ከግቢው በር አጠገብ፣ አንድ ሲኖትራክ ቆሟል። ባትሪው በሁለት ወር ሁለቴ ተቀይሮለታል፤ ሹፌሩ ነገ ሌሊት ወደ ጅቡቲ ይነሳል። የምስክር ወረቀታችሁን ከተቀበላችሁ በኋላ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ካቻቢቴውን ለጊዜው ተዉት፤ መጀመሪያ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ እንለካቸዋለን።

አመሰግናለሁ።