አጥንቱን ውጪ አትጣሉት፦ ስለ ካዮቲ ለአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ስብሰባ ሦስት አጀንዳ አለው። የአዳራሹ ኪራይ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት እና ካዮቲ፣ ይህ በሰፈራችን የሚታየው የውሻና የተኩላ ዘመድ የሆነ አውሬ። ካዮቲው ለኔ ደርሶኛል። ለማታውቁኝ፣ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው። ለበሬና ለአህያ ሰልጥኜ እዚህ ሹራብ የለበሰ ውሻ አክማለሁ። እንጀራ ነው፣ አላማርርም። የምሠራበት ክሊኒክ ካዮቲ የነከሰው ትንሽ ውሻ በየጊዜው ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን ከቅርብ አየዋለሁ።

ሰሞኑን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የተለጠፉትን ቪዲዮዎች አይታችኋል። አንዱ «ተኩላ ነው» ይላል፣ ሌላው «የጎረቤት ውሻ ነው» ይላል። አንድ ቀልደኛ ደግሞ «ጅብ ዲቪ ደርሶት መጣ» ብሏል። ካዮቲ ነው። ቁመቱ የመካከለኛ ውሻ ያህል ነው። ክብደቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ቢሆን ነው፤ በብርዱ ወቅት የሚያበቅለው ፀጉር ግን ትልቅ ያስመስለዋል። ጆሮው ሹል ነው፣ እግሩ ቀጭን ነው፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። ሲሮጥ ጭራውን ወደ ታች አድርጎ ነው።

ከየት መጣ ለሚለው፣ ከየትም አልመጣም። አውሮራ የተሠራችው እሱ የሚኖርበት ሜዳ ላይ ነው። ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ አለ። በየባዶው ሜዳ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቆመው የሚጮሁት ፕሬሪ ዶግ የተባሉት የአይጥ ዘመዶች ባሉበት ሁሉ አለ። ሃይላይን ካናልን ታውቁታላችሁ፣ እናቶች ጠዋት ጠዋት የሚሄዱበት የእግር መንገድ ነው። 71 ማይል ይረዝማል። ካዮቲውም ማንም ሳያየው ከሰፈር ሰፈር የሚያልፈው በዚያው ነው።

ሌላውም ከተማ እንደዚሁ ነው። ካዮቲ ድሮ የምዕራቡ ሜዳና በረሃ እንስሳ ነበር። ሰው ተኩላውን ሲጨርስና ጫካውን ሲመነጥር መንገድ ተከፈተለት። ዛሬ ከሃዋይ በቀር ሁሉም ስቴት ውስጥ አለ። ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ገብቷል። በ2007 ደግሞ፣ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ቺካጎ መሀል ከተማ አንዱ ሳንድዊች ቤት ገብቶ የለስላሳ ማቀዝቀዣው ውስጥ ጋደም አለ። ማንንም አልነከሰም።

እዚያው ቺካጎ ስታንሊ ጌርት የሚባሉ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከ2000 ጀምሮ የከተማ ካዮቲዎችን ያጠናሉ። አንገታቸው ላይ ማሰራጫ እያሰሩ የት ውለው የት እንደሚያድሩ ይከታተላሉ። አብዛኞቹ ሰው እንዳያያቸው ነው የሚጥሩት። ቀን ይደበቃሉ፣ ሌሊት ይወጣሉ። በብዛት የሚበሉት አይጥ፣ ጥንቸል፣ አጋዘንና ፍራፍሬ ነው። ከመረመሩት አይነ ምድር ውስጥ የድመት ቅሪት የተገኘበት አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሎስ አንጀለስ ሲሆን ግን ነገሩ ተለወጠ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ባስጠናው መሠረት፣ መሀል ከተማ ከሚኖሩት ካዮቲዎች አይነ ምድር ከአምስቱ በአንዱ ድመት ተገኝቷል። እንስሳው ያው ነው፣ የቀረበለት ምግብ ነው የተለየው።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚህች ነገር ነው። ካዮቲው ዓይን አፋር ሆኖ እንዲኖር ወይም በር ድረስ እንዲመጣ የምናደርገው እኛ ነን፣ ውጪ በምናስቀምጠው ምግብ።

ይህን ከኛ በላይ ሊገባው የሚገባ ሰው የለም። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ በጅብ ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ በ2012 ነው የታተመው። ተመራማሪዎቹ የጅብ አይነ ምድር እየለቀሙ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅት እና ከጾሙ በኋላ። ጅቡ በደህናው ጊዜ የሚኖረው በሥጋ ቤት ትርፍራፊና በየቤቱ አጥንት ነው። ሕዝቡ ሲጾም ያ ሁሉ ቆመ። ጅብ አይጾም፣ ወደ አህያ ዞረ። ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ የነበረው የአህያ ፀጉር በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ወጣ። ፋሲካ ሲያልፍ መልሶ ወደ 22 ወረደ። የኛ የምግብ ካላንደር የአውሬውን ማዕድ ያዛል ማለት ነው።

አሁን ወደ አውሮራ እንመለስ። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ ቅርጫ እንደገባችሁ አውቃለሁ፣ እኔም ገብቻለሁ። እርሻ ድረስ ሄደን በሬውን ተካፍለን እንመጣለን። ከዚያ ጨጓራው ሲጠራ፣ ሥጋው ሲለይ፣ ሞራውና አጥንቱ በጥቁር ፌስታል ይታሰርና ጋራዥ በር ላይ ይቀመጣል። የቆሻሻ መኪና የሚመጣው ሐሙስ ነው። በዓሉ እሑድ ነው። አራት ቀን ሙሉ ሽታው ሰፈሩን ይጠራል። ለዒድም እንደዚሁ ነው፣ ሙስሊም ወንድሞቼ አይቀየሙኝ።

ጊዜው ደግሞ ልክ ካዮቲ ግልገል የሚወልድበት ነው። ወንዱና ሴቷ የሚገናኙት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል ግድም፣ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ይወልዳል። እናትና አባት ሁለቱም ያድናሉ። ስለዚህ በዚህ ወቅት ቀን በፀሐይ ብታዩት «አብዷል» አትበሉ፣ ልጆቹን ሊያበላ ነው የወጣው። የተራበ ግልገል ያለው አባወራ የኛን አጥንት ካገኘ ነገም እዚያው ይመጣል። ግልገሎቹም ሲያድጉ ምግብ ማለት የሰው ቤት ማለት እንደሆነ ተምረው ያድጋሉ።

ስለዚህ አጥንቱንና ሞራውን መኪናው እስኪመጣ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ፍሪዘሩ በቅርጫው ሥጋ እንደሚሞላ አውቃለሁ። ቢሆንም ጥጉ ላይ ቦታ ፈልጉለት። የቆሻሻ ቢኑን ማታ ሳይሆን ጠዋት አውጡት። «ውሻ ይብላው» ብሎ ከአጥር ውጪ መወርወርማ ይቅር። እዚህ ባለቤት የሌለው የሰፈር ውሻ የለም፣ የሚበላው ካዮቲ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ካዮቲን መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው።

አንድ የሚከብደኝ ነገር ልናገር፣ በተለይ ለእናቶች። እንጀራ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነውር ነው። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ስለዚህ የተረፈው እንጀራ ለወፎች ተብሎ ጓሮ ይበተናል። ወፏ ትንሽ ትበላለች፣ ማታ አይጡና ጥንቸሉ ይመጣል፣ ከኋላ ደግሞ እነሱን የሚያድነው ይመጣል። ድርቆሽ አድርጉት፣ ፍርፍር አድርጉት፣ ጓሮ ግን አታውጡት። ለድመትና ለውሻ በረንዳ ላይ የሚቀመጠው ሳህንም ይግባ።

አሁን ስለ አደጋው በግልጽ ልናገር። ካዮቲ ሰውን የሚነክሰው በጣም አልፎ አልፎ ነው። እዚህ አገር በዓመት በውሻ የሚነከሰው ሰው ወደ 4.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ገምቷል። በካዮቲ የተገደሉ ሰዎች ግን በአሜሪካና በካናዳ በእርግጠኝነት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንዷ በ1981 ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል ውስጥ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ሌላዋ በ2009 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ብቻዋን በእግሯ ስትጓዝ የነበረች የ19 ዓመት ወጣት ናት። ግሌንዴል ላይ ከዚያ በኋላ ወጥመድ ሲጠመድ፣ በግማሽ ማይል ዙሪያ በሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ከሃምሳ በላይ ካዮቲ ተያዘ። አንድ ሰፈር ውስጥ! ያን ሁሉ አውሬ እዚያ ያከማቸው የሚያገኘው ምግብ ነበር። ሩቅ ሳንሄድ በ2011 እዚሁ ኮሎራዶ፣ ብሩምፊልድ ከተማ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ተነክሰዋል።

ልጆቻችን ደግሞ እንደኛ አይደሉም። እኛ አውሬ ስናይ እንሸሻለን። እዚህ የተወለደ ልጅ ግን ውሻ ሲያይ «ልዳብሰው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እቤት ስትገቡ የካዮቲ ፎቶ አሳዩት። «ይህ አይዳበስም፣ ሮጠህም አታመልጠውም፣ ቆመህ እናቴ ብለህ ጩህ» በሉት።

መሮጥ የለም፣ ይህ ለትልቁም ነው። ከሮጣችሁ ያባርራል፣ ተፈጥሮው ነው። ትንሽ ልጅ ካለ ቶሎ አቅፋችሁ አንሱት። ፊት ለፊት ተመልከቱት፣ እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ጩኹበት። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ይሰማል፣ ቋንቋ አይመርጥም። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አገር ቤት ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ስንል ውሻው ይሸሻል፣ እንዲያውም ድንጋይ ባይኖርም ይሸሻል። የኮሎራዶ ካዮቲ ያንን አልተማረም። ጎንበስ ማለት ያሳንሳችኋል። ድንጋዩን አስቀድማችሁ ኪሳችሁ ያዙ።

የምፈራው ግን አትጮኹም ብዬ ነው። እዚህ አገር ከመጣን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንኖረው። ጎረቤት ምን ይለኛል፣ ፖሊስ ይጠራብኛል እንላለን። አባቶች፣ ለዚህስ ጩኹ! ካዮቲ ሰውን መፍራቱን እንዳይረሳ ያየው ሰው ሁሉ ማስደንገጥ አለበት። ጓሮ ከገባ የውሃ ጎማ ልቀቁበት፣ ድስት ምቱበት። ቆሞ ቪዲዮ ማንሳት ግን ያለምደዋል። ከዚህ ደንብ ውጪ የሆነ አንድ ጊዜ አለ። ግልገል ያለበት ጉድጓድ አጠገብ ከደረሳችሁ እናቲቱ እስክትርቁላት ከኋላ ትከተላችኋለች። ያን ጊዜ አትፋለሟት፣ ጀርባችሁን ሳትሰጧት ውጡላት።

ለኪዳን ወይም ለሱብሂ በጨለማ የምትወጡ፣ እሱም የሚንቀሳቀሰው በዚያ ሰዓት ነው። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ።

ውሻ ያላችሁ ወጣቶች፣ ክሊኒክ የማያቸው አብዛኞቹ ጉዳቶች የሚደርሱት ተስቦ በሚረዝመው ገመድ ነው። ውሻው አሥር ሜትር ቀድሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል፣ ባለቤቱ ኢርፎን አድርጓል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ስልኩን እያየ የሚሄድ ባለቤትም ቡችላውን ከካዮቲ አያስጥልም። አጭር ገመድ ይበቃል። ትንሽ ውሻ ማታ ለሽንት ሲወጣ አብራችሁት ውጡ። አጥር አለኝ አትበሉ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ካልሆነ ይዘለዋል። ድመቷ ቤት ውስጥ ትኑር።

«መንግሥት ለምን አይጨርሰውም?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። ሞክሯል። የፌዴራል መንግሥት ለአሥርት ዓመታት በመርዝ፣ በወጥመድ፣ በጥይት ገድሏል። በፌዴራል መሬት ላይ መርዙን ያስቆሙት ፕሬዚዳንት ኒክሰን ናቸው፣ በ1972። ዛሬም በዓመት በአሥር ሺዎች ይገደላል። ካዮቲው ግን ከምዕራብ ተነስቶ አትላንቲክ ደረሰ። አንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የሚወልዱት መሪዎቹ ጥንዶች ናቸው። መሪዎቹ ሲገደሉ መንጋው ይበተናል፣ ሌሎቹ ሴቶችም መውለድ ይጀምራሉ። ባዶ የቀረውንም ቦታ ከሌላ የመጣ ወጣት ካዮቲ ይይዘዋል። ሰውን የነከሰ አንድ የታወቀ ካዮቲ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። እሱን የዱር እንስሳት ባለሥልጣኖች ፈልገው ይገድሉታል፣ እኔም ልክ ናቸው እላለሁ። እናንተ ግን መርዝ እንዳታስቀምጡ አደራ። ኮሎራዶ ውስጥ በ1996 በሕዝብ ድምፅ ታግዷል፣ ቀድሞ የሚሞተውም የጎረቤት ውሻ ነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ አንድ ቃል። የኛ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል፣ አገር ቤት ስንቱን ሰው ነጥቆናል። እዚህ በብዛት የሚገኘው በሌሊት ወፍና ስካንክ በሚባለው መጥፎ ሽታ በሚረጨው አውሬ ላይ ነው፣ ካዮቲ ላይ ብርቅ ነው። ፀጉሩ የረገፈ ካዮቲ ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ እከክ ነው። ነገር ግን ማንኛውም አውሬ ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ያን ቀኑኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። «ኢንሹራንስ የለኝም፣ ነገ አየዋለሁ» አይሠራም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልምና።

የኮሚቴው አባላት አሉ? ጥሩ። ከአዳራሹ በስተጀርባ ያለው ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ክዳኑ ተሰብሯል። ለማኅበር፣ ለሠርግ፣ ለልደት የሚጣለው ሥጋ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ዛሬ ስገባ ጥንብ አንሳ ብቻ ነው የጎደለው። ከፋሲካ በፊት ይቀየር፣ ገንዘብ ካነሰ እኔ 50 ዶላር እጀምራለሁ። በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ፊሽካ አለ፣ ለየቤቱ አንድ አንድ ውሰዱ። ልጆች ከወሰዱት ግን መኪና ውስጥ እንዳይነፉት፣ ወላጆች ተቀበሏቸው።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።