ኦንላይን አንድ ዋጋ፣ መደብር ሌላ ዋጋ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አንድ ቸርቻሪ በድረ ገጹ ላይ አንድ ዋጋ፣ መደርደሪያው ላይ ሌላ ዋጋ ሲለጥፍ ምን እናድርግ? በስልክ የደረሱንን ጥያቄዎች የሸማቾች ጉዳይ ባለሙያችን እንዲህ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያው አንዱ ሱቅ ነው። ድረ ገጹ ላይ ርካሽ፣ ሱቁ ስሄድ ውድ። ይህ ማጭበርበር አይደለም?

አብሮ ይስጥልኝ ወንድሜ። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የድረ ገጹን ዋጋ ኮምፒውተር የተፎካካሪዎችን ገበያ እየተከታተለ በቀን ደጋግሞ ሊቀይረው ይችላል። የመደርደሪያውን ወረቀት ግን ሰው ነው እየዞረ የሚለጥፈው። መደብሩ ኪራይና ደመወዝ አለበት። ድረ ገጹም ማሸግ፣ ማድረስና የተመለሰ ዕቃ መቀበል አለበት።

ደግሞ ልዩነቱን አናጋንን። አልቤርቶ ካቫሎ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ በ10 አገሮች የሚገኙ 56 ትልልቅ ቸርቻሪዎችን የኦንላይንና የመደብር ዋጋ አወዳድሯል። 72 በመቶ ያህሉን ጊዜ ዋጋው አንድ ነበር። የዋጋ ለውጡ ግን በሁለቱም ቦታ በአንድ ቀን አይደረግም። አንተ የደረስከው አንዱ ተቀይሮ ሌላው ሳይቀየር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሱቁ ውስጥ ቆሜ "በድረ ገጻችሁ ዋጋ ሽጡልኝ" ማለት ነውር ነው?

ምን ነውር አለው? ጠይቂ እንጂ! አንዳንዱ የራሱን ድረ ገጽ ዋጋ ያከብራል፣ አንዳንዱ አያከብርም፤ እንደ ደንቡ ነው። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የስልክሽን ገጽ ፎቶ፣ ማለትም ስክሪንሹት ያዢ። ስክሪንሹቱ ላይ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የሞዴል ቁጥሩና የሻጩ ስም ይታይ። የሞዴል ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ ፊደል አመሳክሪ። አንድ ፊደል ከተለየ፣ መልኩ ቁርጥ ያንኑ ቢመስልም ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

እምቢ ካሉሽ ደግሞ አትጨቃጨቂ። ካሸሩ ዋጋ የመቀየር ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። "ከመደብር መረከብ" የሚል አማራጭ ካለ እዚያው ቆመሽ በስልክሽ እዘዢና በኦንላይኑ ዋጋ ተረከቢ። ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ ዝም ብሎ ጨምሮ ይከፍላል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው በሱቁ ኮምፒውተር ድረ ገጹን ከፍቶ "ይኸው፣ ዋጋው ይኸው ነው" አለኝ። ቤት ያየሁት ግን ያነሰ ነበር። ዓይኔ ነው?

ዓይንዎ ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ዓቃቤ ሕግ ቤስት ባይ የተባለውን ቸርቻሪ የከሰሰው በዚሁ ዓይነት ጉዳይ ነበር። በመደብሮቹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የሕዝቡን ድረ ገጽ የሚመስል የውስጥ ገጽ ያሳይ ነበር፤ ዋጋው ግን የመደብሩ ነው። ስለዚህ በእነሱ ኮምፒውተር አይዩ። በራስዎ ስልክ፣ በራስዎ ኢንተርኔት ይክፈቱ። ስክሪንሹት!

ጥያቄ፦ መኪና ማቆሚያው ላይ ሆኜ አፑ ላይ ያየሁት ዋጋ፣ በሩን ስገባ ጨመረ። እያበድኩ ነው?

አላበድሽም ልጄ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ታርጌት የተባለውን ቸርቻሪ አፕ ሲፈትሽ፣ ከመደብሩ ራቅ ሲባል 499.99 ዶላር የነበረ ቴሌቪዥን ወደ መደብሩ ሲጠጉ 599.99 ዶላር ሆኗል። አፑ መደብር አጠገብ መሆንሽን ሲያውቅ የመደብሩን ዋጋ ያሳይሻል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ ዓቃብያነ ሕግ ለቀረበበት የዋጋ አቤቱታ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከቤት ሳትወጪ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ አስገቢና ስክሪንሹት አንሺ። ለአፑም የመገኛ ቦታ ፈቃድ አትስጪው።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹ ላይ ያለው ዋጋ ታክስ ይጨምራል?

እንደ አገሩ ነው። የመጨረሻውን የክፍያ ገጽ ሳታዩ ዋጋ አወቅን አትበሉ።

ጥያቄ፦ የማውቀው መደብር በቴሌግራም ሊንክ ላከልኝ። ሱቁ ከሚሸጥበት በግማሽ ዋጋ ነው። "ቅናሹ ኦንላይን ብቻ" ይላል፣ ሁለት ሰዓት ነው የቀረው። ክፍያው በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው። ልክፈል?

አይ! አይ! ስልኩን አስቀምጥና ስማኝ። ሌሎቻችሁም ስሙ፣ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የምሰማው።

"ኦንላይን ይረክሳል" የሚለው ነገር ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ገብቷል። ሌባውም የሚኖረው በዚሁ ነው። ሱቁ ውስጥ ዋጋው እጥፍ መሆኑን እያየህ "ኦንላይን ስለሆነ ነው" ብለህ ለራስህ ትመልሳለህ። ሌባው ማስረዳት እንኳ አያስፈልገውም፤ አንተው አስረድተህለታል።

መደብሩ ሊንክ ልኮልኛል ያልከውን ከየት አወቅኸው? አርማውን አይተህ ነው። አርማ ደግሞ ማንም በአንድ ደቂቃ ይገለብጠዋል፤ የዕቃውንም ፎቶ፣ የደንበኛውንም አስተያየት እንዲሁ። አድራሻውን ግን አንብበው። ከ"https://" በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያው እዝባር (/) በፊት፣ ከ"ነጥብ ኮም" ልክ በፊት የተጻፈውን ስም ፈልግ። ባለቤቱ እሱ ነው። የምታውቀው መደብር ስም ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ ቢጻፍ ዋጋ የለውም። አድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክትም አታታልልህ። ቁልፏ የምትለው መልእክትህ በመንገድ ላይ አይነበብም ነው፤ የሚቀበልህ ሰው ታማኝ ነው አላለችም።

ቆጣሪ ሰዓቱ እንዳታስብ ነው የተቀመጠው። ገጹን ዝጋና ነገ ክፈተው፤ አሁንም "ሁለት ሰዓት ቀረው" ሊልህ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ግን የግለሰብ ሒሳቡ ነው። ትልቅ መደብር የዕቃውን ገንዘብ በሠራተኛው ስም አይሰበስብም። በካርድ ብትከፍል ባንክህ ክርክር ሊከፍትልህ ይችላል። በቀጥታ ያስተላለፍከውን ማስመለስ ግን ብዙውን ጊዜ አይሳካም። በስልክህ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ንገረን ካሉህ ደግሞ ነገሩ አልቋል፣ ሌባ ነው። ለባንክ ሠራተኛም፣ ለመደብርም፣ ለማንም አይነገርም!

ቅናሹ እውነት ከሆነ በመደብሩ ድረ ገጽ ላይም ይኖራል። አድራሻውን በእጅህ ጻፍና ግባ፣ ወይም ስልክ ደውለህ ጠይቅ። አስቀድመህ ከፍለህ ከሆነ እኔን ማዳመጥ ተውና አሁኑኑ ባንክህ ደውል፣ ቀጥሎ ፖሊስ ዘንድ ሂድ። የተጻጻፋችሁትን አታጥፋ። ስክሪንሹት!

ጥያቄ፦ እኔ ግን የገዛሁት ከትክክለኛው ድረ ገጽ ነው። ዕቃው ሲበላሽ ሱቁ "እኛ አልሸጥንልሽም" አለኝ።

ሻጩ ማነው? ይህን ጥያቄ እስከምሰለች እደግመዋለሁ። ብዙ ትልልቅ ቸርቻሪዎች ድረ ገጻቸውን ለሌሎች ነጋዴዎች ያከራያሉ። ከዋጋው በታች በደቃቅ ፊደል "የሚሸጠው በእገሌ" ይላል። መደብሩ ውስጥ የሌለ ዋጋ ኦንላይን ስታዪ መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ደረሰኝሽ ላይ ስሙ ይኖራል፤ አቤቱታሽን በድረ ገጹ በኩል ለእሱ አቅርቢ።

ጥያቄ፦ እኔና ጎረቤቴ አንድ ዕቃ ከፈትን፣ ለእሱ ረክሶ ታየው። ሀብታም መሰልኩ እንዴ?

መምሰልዎን አላውቅም! እ.ኤ.አ. በ2012 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ስቴፕልስ የተባለውን ቸርቻሪ መርምሮ ነበር። ያው አንድ ስቴፕለር ለአንዱ ደንበኛ በ15.79፣ ጥቂት ማይል ርቆ ለሚኖረው በ14.29 ዶላር ይታይ ነበር። ትልቁ ምክንያት ደንበኛው ለተፎካካሪ መደብር ያለው ርቀት ነበር። ተፎካካሪ ቅርብ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል።

ሌላው የአባልነት ቅናሽ ነው። ከመለያዎ ወጥተውም ገብተውም ያወዳድሩ። በአውሮፓ ኅብረት ዋጋው በአውቶማቲክ ስሌት ለእርስዎ ተለይቶ ከወጣ ሻጩ መናገር አለበት፤ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሌላ ቦታ ግን የሚነግርዎት ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ አስቤዛ በአስረካቢ አፕ ሳዝ ማድረሻው ነፃ ነው ይላል። አተረፍኩ?

የዕቃውን ዋጋ ከመደርደሪያው ጋር አመሳክሪ። ማድረሻው እዚያ ውስጥ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መመለሱስ? ኦንላይን የገዛሁትን ሱቁ ይቀበለኛል?

ሱቁ ይቀበል አይቀበል በደንቡ ነው፤ ከመክፈልህ በፊት አንብብ። በአውሮፓ ኅብረት ግን ኦንላይን የገዛ ሰው ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ በልኩ የተሠራ ዕቃን የመሳሰሉት አይካተቱም። ሱቅ ገብቶ የገዛ ሰው ይህ መብት የለውም፤ ዕቃው ጉድለት ከሌለው መመለሱ በሻጩ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ጫማ በልክህ መሆኑን ካልተማመንክ፣ ኦንላይኑ ትንሽ ቢወደድም ላያስከፋህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለቢሮዬ 20 ኮምፒውተር በጣም በርካሽ ኦንላይን አዘዝኩ። ከፍያለሁ፣ ማረጋገጫም ደርሶኛል። አሁን "ዋጋው በስህተት ነው የተለጠፈው" ብለው ትእዛዙን ሰረዙ። ሊገደዱ ይችላሉ?

ይሄ የእኔ አይደለም። ውሉ መቼ ጸና የሚለው በሕጉና በድረ ገጹ የሽያጭ ደንብ ይወሰናል፤ ስህተቱ ግልጽ ከሆነ ደግሞ ሌላ ክርክር ይመጣል። ማረጋገጫውን፣ የከፈሉበትን ደረሰኝና በትእዛዙ ቀን የነበረውን ደንብ ይያዙና ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ስክሪንሹት አለዎት አይደል?