ጥላ ያለውና ጥላ ቢሱ

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን ለዓለም የትርጉም ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ቀኑ ታሪክ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እሺ። ሴፕቴምበር 30 የሚከበረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ጀሮም የሚታሰብበት ዕለት ስለሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 አጽድቆታል። ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተናድጄ ነው የመጣሁት። «ሼዲ» (shady) ትባላለች፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲያዩ የሚሏት ናት።

የአጎቴን ነገር ካሁን በፊት የሰማችሁ ታገሡኝ። ልጁን ዓረብ አገር ሊልክ ኤጀንሲ አገኘ። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የልጅ ልጁ ወረቀታቸውን አይታ «ሼዲ ይመስላል» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችለት። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትጽፍም። እሱ ደግሞ መልእክቱን ስልኩ እንዲተረጉምለት አደረገ። ስልኩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ድርጅቱ ጥላ ያለው ይመስላል።» አጎቴ መነጽሩን አውልቆ «እሰይ! ከለላ ያለው ቤት ነው» አለ። በማግስቱ 40 ሺህ ብር ቆጥሮ ሰጠ። በሦስተኛው ሳምንት ቢሄድ ቢሮው ባዶ። የቀረው የታፔላው ሚስማር ብቻ ነው።

ለእኔ ደወለ። «አንተ ልጅ፣ ጥላ ያለው ተብሎ እንዴት ሌባ ይሆናል?»

ምን ልበለው? እኛ ልጆቻችንን ጥላሁን፣ የሺጥላ፣ ጥላዬ እያልን የምንሰይም ሰዎች ነን። የተከበረን ሰው ጥላው ይከብዳል እንላለን። ሞገስ ያጣው ነው ጥላ ቢስ የሚባለው። እንግሊዝኛ ግልብጥ ነው። ቃሉ መጀመሪያ ጥላ ያለበትን ቦታ ነበር የሚለው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው ወደማይታመን ሰውና ወደማያምር ሥራ የዞረው። እኔ ከደመናቸው ነው እላለሁ፤ ማስረጃ የለኝም።

ደግሞ ተናደን «አጭበርባሪ» ብለን እንዳንተረጉም። ሼዲ ያለ ሰው ጠረጠርኩ አለ እንጂ ያዝኩ አላለም። ይህን ልዩነት አጥፍታችሁ ብትጽፉ ደንበኛችሁ በስም ማጥፋት ሊከሰስ ይችላል። «ነገረ ሥራው አያምርም» በሉ። «ውስጠ ወይራ» በሉ። የሰፈር ልጅ ከሆነ «ጩሉሌ» አለላችሁ። ቃል መቼ ጠፋብን?

የጠፋው የሚያነብ ሰው ነው! በገጽ ሳንቲም ከፍለው፣ ማሽን የተፋውን «አንዴ አየት አድርገህ ማኅተም ምታበት» የሚሉን አሠሪዎች አሉ። አየት! ማኅተሙ የማን ነው? ስሙስ የማን ነው? እኔ ሳላነብ አልመታም። ከዚህ በኋላ ሳላነብ አንድም ገጽ አልመታም! እናንተስ?

ስለ «ዶጂ»ና ስለ «ስኬቺ»ም ጽፌ ነበር፤ ሰዓቴ አልቋል። የመጀመሪያው እንግሊዞች፣ ሁለተኛው አሜሪካኖች ዘንድ ይበዛል። የሼዲ ዘመዶች ናቸው። «ሼድ መወርወር» የሚባልም አለ፤ «ጥላ ወረወረችበት» ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ፣ አሽሙር የሚባል ቃል እያለን።

አጎቴ አሁን የልጅ ልጁን በስልክ ፊደል እያስቆጠራት ነው። ባለፈው ሳምንት «አባባ፣ ይህ ሰውዬ ጥላ ቢስ ነው» ብላ በአማርኛ ላከችለት። ስለ ማን እንደሆነ ግን አልነግርህም አለኝ።

አመሰግናለሁ።