አፕል ሳይጨማደድ እንዲቆይ፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ፍራፍሬ የምትሸጥ ወጣት)፦ አፕሉን ጠዋት አጥቤና ወልውዬ በር ላይ እቆልለዋለሁ። ሦስት አራት ቀን ሳይሞላው ይለሰልስብኛል፣ ቆዳውም ይጨማደዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ማጠቡን ተይው። አፕል በተፈጥሮው ስስ ሰም ለብሷል። ውሃው እንዳይተን የሚጠብቀው እሱ ነው። ስትፈትጊው ይሳሳል። ሳይደርቅ የቀረው እርጥበት ደግሞ ሻጋታ ያመጣል። ደንበኛሽ ሊበላው ሲል ይጠበው።

ፀሐዩም አለ። አፕል ከዛፍ ከወረደ በኋላም ይተነፍሳል። በሞቀው ቁጥር ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ቶሎም ያረጃል። 0 ዲግሪ አካባቢ ወራት የሚቆይ ፍሬ፣ ሞቃት ክፍል ውስጥ ከሳምንት ሁለት ሳምንት አያልፍም። ስለዚህ በር ላይ የዛሬውን ብቻ አውጪ፣ እሱንም ጥላ ሥር። የቀረው ከኋላ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ቁልሉ ነው። የታችኛዋ ፍሬ የሁሉንም ክብደት ትሸከማለች። ገዢው ከመሃል አንዷን ሲመዝ ይናዳል። ያን ዕለት ምንም አይታይም። በማግስቱ የአውራ ጣት የሚያህል ቡናማ ምልክት ይወጣል፣ ስትነኪው ስርጉድ ይላል። ሁለት ረድፍ ይበቃል፣ ከሥር ወረቀት አንጥፊ። ማታ ከመዝጋትሽ በፊት አገላብጠሽ እያየሽ የተመታውን ለይተሽ በቅናሽ ሽጪው። የበሰበሰውን ግን አንድም ቢሆን አታሳድሪው፤ ጎረቤቶቹን ይዞ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ (ከጨንቻ፣ አርሶ አደር)፦ ፍሬው በአንድ ጊዜ ይደርስብኛል። ማቀዝቀዣ የለኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ የጨንቻ ብርድ ትልቅ ሀብትዎ ነው። ከ2500 ሜትር በላይ ባለ ደጋ፣ ሌሊቱ ራሱ ያቀዘቅዝልዎታል። የማከማቻውን መስኮት ማታ ይክፈቱ፣ ጠዋት ይዝጉ። አየሩ ከደረቀ ወለሉ ላይ ውሃ ይርጩ። ሲለቅሙ ጤዛው ይድረቅ እንጂ ፀሐዩ እስኪበረታ አይጠብቁ። ፍሬውን አይጎትቱት፤ ወደ ላይ ቀና አድርገው ጠምዘዝ ያድርጉት፣ ትንሿ እንጨት አብራው ትምጣ። እንጨቷ ከተነቀለች ቀዳዳው የብስባሽ በር ይሆናል። ዝርያም ይለዩ። አና የምትባለው ዝርያ ቶሎ ስለምትለሰልስ ቀድማ ገበያ ትውጣ፣ ግራኒ ስሚዝ ትታገሳለች። ድንችና ሽንኩርት ካለበት ክፍል ግን ያርቁት፣ ሽታ ይወስዳል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ የቤት እመቤት)፦ ፍሪጅ ውስጥ ከአፕል ጋር ያስቀመጥኩት ካሮት መረረኝ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። አፕል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ካሮቱን ያመረረው እሱ ነው። አፕሉን ለብቻው፣ ጥቂት ቀዳዳ ባለው ፌስታል ያስቀምጡት። ያው ጋዝ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። ጥሬ አቮካዶ ከገዙ ከአንድ አፕል ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ጠቅልለው ከፍሪጅ ውጭ ያሳድሩትና፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አንገቱ ጋ ጫን አድርገው ይዩት።