ይሰማል?

(የድምፅ ቅጂው ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። የተቀዳው አራት ኪሎ፣ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው።)

ሚጣ፦ ይሰማል?

ጋሼ፦ ማን?

ሚጣ፦ (እየሳቀች) ድምፅዎ ነዋ! ድምፅዎ ይሰማል ወይ ነው ያልኩት።

ጋሼ፦ ገብቶኛል፣ አጥብቀሽ ነው ያልሽው። ሆን ብዬ ነው። ይሄን ወሬያችንን በኋላ ጽፈሽ ታወጪዋለሽ አይደል? ያኔ «ይሰማል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። አንባቢው በምን ይወቅ? አጥብቆ ካነበበው ድምፁ ይሰማል፣ አላልቶ ካነበበው አንድ ሰውዬ ጆሮው ይሰማል። አራት ፊደል ናት፣ ሁለት ሰው ታጣላለች።

ሚጣ፦ በቅንፍ እጽፋለሁ፣ አይጨነቁ። እሺ፣ ለአዲስ አድማጮቻችን፦ እኔ ሚጣ ነኝ። መታወቂያዬ ላይ ሌላ ስም አለ፣ ሰፈር ውስጥ ግን በሱ የሚጠራኝ የለም። አጠገቤ ያሉት ጋሼ ናቸው። በአንድ ትንሽ የኤፍ ኤም ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ዜና ያነበቡ፣ ማስታወቂያ ያነበቡ፣ የሙዚቃ ምርጫ ያቀረቡ…

ጋሼ፦ ሻይ ያፈሉ።

ሚጣ፦ ምን ያህል ትንሽ ነበር ጣቢያው?

ጋሼ፦ ስቱዲዮው አንድ ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን ድምፅ አፈንን እንላለን። በሩ ላይ አየር ላይ መሆናችንን የምታሳይ ቀይ መብራት ነበረች። እሷ ስትቃጠል መቀየሪያ ጠፋና እጀታው ላይ ቀይ ሻሽ እናስር ጀመር። ሻሹ ካለ አትግባ ነው። አንድ ቀን የጽዳቷ እትዬ ሻሹ ቆሽሿል ብላ አጥባ አሰጣችው። የአሥራ ሁለት ሰዓት ዜና መሀል ላይ ነኝ፣ በሩ ተከፈተ፣ ባልዲ ይዛ ገባች። አይታኝ ደነገጠችና «ውይ፣ አፈር በበላሁ!» አለች። ከተማው በሙሉ ሰማ።

ሚጣ፦ ከተማው በሙሉ?

ጋሼ፦ እሺ፣ የሚደርሰንን ያህል። ኤፍ ኤም እኮ ልክ እንደ ዓይን ነው፣ ፊቱ ጋራ ከቆመ አያልፍም። እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ አይመለስም። የኛ ፒያሳ ላይ እንደ ደወል ጥርት ይላል፤ ቁልቁለቱን ወደ ቀበና ስትወርጂ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ባለቤቴ የቤታችንን ሬዲዮ አንቴና በሹካ ነበር የምታቆመው።

ሚጣ፦ ወደ መጥበቅና መላላቱ እንመለስ። ባለፈው ቡና ስንጠጣ የነገሩኝን ሰው ሁሉ መስማት አለበት።

ጋሼ፦ ፊደላችንን አልሰድብም፣ እንዳይመስልሽ። 33ቱ ቤት እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ወልዶ አናባቢውን አንድ በአንድ ይጽፍልሻል። መጥበቁን ግን አይጽፍም፣ «አንተ ታውቀዋለህ» ብሎ ነው የሚተውሽ። «ገና» በይ። ጠብቆ የልደት በዓል ነው፣ ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው። «አለ» ጠብቆ ዕቃው መኖሩ ነው፣ ላልቶ ሰውየው መናገሩ ነው። «ዋና» ጠብቆ ትልቁ ነው፣ ላልቶ ውኃ ውስጥ ነሽ።

ሚጣ፦ እርስዎም ውኃ ውስጥ ገብተዋል።

ጋሼ፦ ገባሁ! በመጀመሪያው ሳምንቴ። ወረቀቱን አየር ላይ እያለሁ ነው የሰጡኝ፣ «የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ» ይላል። አላልቼ አነበብኩት። ቀና ስል ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ወዲያ በሁለት እጁ ይቀዝፋል። ምን ላድርግ፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሙዚቃ አስገባሁ። ዜና መሀል ዘፈን።

ሚጣ፦ ተቆጡዎት?

ጋሼ፦ አለቃዬ ተቆጣ። ቴክኒሻኑ ግን የድሮ ሰው ነበር፣ በደርግ ጊዜ ትልቁ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ሽቦ ሲጎትት የኖረ። «አንተ ዕድለኛ ነህ» አለኝ። «በኛ ጊዜ በየዜናው ‹ሰፊው ሕዝብ› አለ። እስቲ እሱን አላልተህ አንብበው።» ልብስ ሰፊው ሕዝብ! በዚያ ዘመን ተሳስቼ ነው ብሎ የሚያመልጥ ሰው መኖሩን እንጃ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኝና ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ጣል አለኝ። ያን ነጥብ አሥራ አንድ ዓመት ጣልኩ።

ሚጣ፦ የሳቸው ፈጠራ ነው ነጥቡ?

ጋሼ፦ የለም፣ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ሲያሳትሙ ይሄንኑ አድርገዋል፣ ከሚጠብቁት ፊደሎች በላይ ነጥብ አለ። መጽሐፉን በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ተረከው፣ አገር ሥራ ፈትቶ ሰማው። ሰው ወጋየሁን ያነሳል፣ ማንሳትም አለበት፤ ያቺን ነጥብ ግን የሚያነሳት የለም። እኔ ጋዜጠኛ ሆኜ እንኳ ቴክኒሻኑ እስኪነግረኝ የማተሚያ ቤት ጉድፍ ትመስለኝ ነበር።

ሚጣ፦ ዩኒኮድ ውስጥም፣ ኮምፒውተርና ስልክ ፊደል የሚለዩበት ዝርዝር ውስጥ ማለቴ ነው፣ ለመጥበቅ ተብሎ የተሠራ ምልክት አለ እኮ። ከፊደሉ በላይ ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ ነው።

ጋሼ፦ ታዲያ ማን ይጠቀምበታል? አንቺ ትጠቀሚያለሽ?

ሚጣ፦ ስልኬ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ጋሼ፦ ይኸው! ደግሞ ነጥቡም ቢሆን የሚጠቅምሽ ቃሉን ቀድመሽ ስታውቂው ብቻ ነው። የማታውቂው ነገር ላይ ቀይ እስክሪብቶ ምን ያደርግልሻል? መደወል ነው፣ መጠየቅ። እኔ ያን የተማርኩት በለቅሶ ነው።

(ከውጭ «ቁራሌው! ቁራሌው!» የሚል ጥሪ ይሰማል።)

ሚጣ፦ ልቁረጠው?

ጋሼ፦ ተዪው፣ ይለፍ። በሬዲዮ ቢሆን ያን ሰውዬ እስኪያልፍ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። እሱ ደግሞ ሆን ብሎ በራችን ላይ ነው የሚቆመው።

ሚጣ፦ በለቅሶ እያሉ ነበር።

ጋሼ፦ አዎ። የሐዘን ማስታወቂያ በእጅ ጽሕፈት ይመጣ ነበር፣ ከእንግዳ መቀበያው እስከ ማይኩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቀን የአንዲት እናት ስም መጣ፣ ከገጠር የመጣ ስም፣ ሰምቼው አላውቅም። እንደመጣልኝ አነበብኩት። ከሰዓት ገደማ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር በእግራቸው መጡ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜ፣ የእናቴ ስም እንደሱ አይደለም» አሉና ሁለት ጊዜ ጠሩልኝ። መሀሉ ላይ ይጠብቃል። እኔ እኮ አላልቼዋለሁ። አክስታቸው ሬዲዮ ሰምታ «የአባቷ ስም ከእሷ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሴት ሞተች እንዴ?» ብላ ደውላላቸዋለች።

ሚጣ፦ ምን አደረጉ?

ጋሼ፦ በሚቀጥለው ዜና ላይ ደግሜ አነበብኩት። ከመስታወቱ ጀርባ ቆመው ሰሙ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ደውዬ ሳልጠይቅ የሰው ስም አየር ላይ ጠርቼ አላውቅም። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ እሳቸው ትዝ አሉኝ። የት እንደደረሱ እንጃ።

ሚጣ፦ …

ጋሼ፦ ይኸውልሽ፣ በሬዲዮ ይቺን ያህል ዝም ብትዪ አለቃዬ ሮጦ ይመጣል።

ሚጣ፦ (እየሳቀች) እሺ፣ አሁን የልጅዎን ታሪክ።

ጋሼ፦ እሱን ታስወሪኝ ብዬ ፈርቼ ነበር። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነው። እኔ ሌሊት አሥር ሰዓት እወጣለሁ፣ እሱ ሲነሳ የለሁም፣ ቁርሱን እየበላ ነው በሬዲዮ «እንደምን አደራችሁ» የምለው። ኮሙኒኬሽን ቡኩን የምታየው እናቱ ናት። አንድ ሳምንት እሷ ቤተሰብ ጥየቃ ሄደችና ለኔ ወደቀ። ስከፍተው መምህርቷ ጽፋለች፦ «ልጅዎ በእረፍት ሰዓት ይመታል። ቀርበው ቢያነጋግሩን።»

ሚጣ፦ ውይ።

ጋሼ፦ ደሜ ፈላ። ልጄን ይመቱታል! ጠዋት ፈረቃዬን ለሰው ሰጥቼ ሄድኩ። ሬዲዮ ድምፄን አውጥቼ፣ ያውቁኛል ብዬ ትንሽ ኮራ ብዬ፣ «ማነው ልጄን የሚመታው?» አልኩ። መምህርቷ ወጣት ናት፣ እንደ አንቺ። ዝም ብላ አየችኝና አንድ ልጅ ጠርታ አስመጣች፣ ከንፈሩ ያበጠ። ከዚያ ሌላ ልጅ። ከዚያ ሦስተኛ። እየተገረምኩ ሳለ «ጋሼ፣ የሚመታው እሱ ነው» አለችኝ። አላልታ።

ሚጣ፦ (ለረጅም ጊዜ ትስቃለች)

ጋሼ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ነጥብ ስጥል የኖርኩ ሰውዬ! የማላውቃትን ሴት ስም ደውዬ የማጣራ ሰው፣ የገዛ ልጄን ወረቀት ሳልጠይቅ አነበብኩት። እንደሚሆን ሳይሆን እንደምፈልገው። ልጅ የኔ ነው፣ ስለዚህ የሚመታው ሌላ ነው፤ አለቀ።

ሚጣ፦ ለምን ነበር የሚመታቸው?

ጋሼ፦ ማታ ጠየቅኩት። አይናገርም። አንሶላውን እስከ አፍንጫው ስቦ ጣራ ጣራ ያያል። ከብዙ ልምምጥ በኋላ «ሬዲዮ ይሉኛል» አለኝ። አባቱ ሬዲዮ ላይ ስለሆነ ሬዲዮ ብለው አወጡለት፣ ጆሮውን እንደ መዘውር እያጠማዘዙ ጣቢያ ይቀይራሉ። እሱ ደግሞ በቡጢ ያጠፋቸዋል።

ሚጣ፦ እናንተ ጣቢያ ላይ ስትሆኑ ሌላ ጣቢያ መቀየራቸው ነው የሚያናድደው!

ጋሼ፦ ቀልዱ ለኔም አሁን ነው የገባኝ። ያኔ አልሳቅኩም። ቅዳሜ ዕለት ስቱዲዮ ይዤው ሄድኩ፣ ማይኩ ፊት አስቀመጥኩት፣ ተናገር አልኩት። ጭጭ። የሚወደው ሻሹን ማሰር ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻሹን የሚያስር እሱ ነው። መምታቱን ወዲያው አልተወም፣ ተወ ብዬ ላሳምር አልችልም፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተጠርቻለሁ። ያኔ ግን እየጠየቅኩ ነው የሄድኩት።

ሚጣ፦ ጣቢያውን የተዉት በዚያ ምክንያት ነው?

ጋሼ፦ ኧረ የለም። ማስታወቂያ ጠፋ፣ ደመወዝ ዘገየ፣ ሰው ተቀነሰ። የተለመደው ነው። አሁን ከባለቤቴ ጋር ይቺን ፎቶ ኮፒ ቤት ይዘናል። ሰው ማመልከቻ ሊያባዛ ይመጣል፣ እኔ ሳልጠየቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ። ልጄ ነው አንዴ «አባዬ፣ ሰውየው ኮፒ ነው የጠየቀህ» ያለኝ።

ሚጣ፦ ባለፈው የኔንም ሲቪ አንብበውታል፣ ደንበኛ ፊት።

ጋሼ፦ ስህተት ነበረበታ!

ሚጣ፦ ባለቤትዎ ይሄን ፖድካስት ያዳምጣሉ?

ጋሼ፦ እሷ እኔን ሃያ ዓመት አዳምጣለች፣ ይበቃታል። ትናንት ማታ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ያለፈውን ክፍላችንን እሰማለሁ። ከወጥ ቤት ልጁን ስትጠይቀው በማዳመጫው ስር ደረሰኝ፦ «አባትህ ይሰማል?»

ሚጣ፦ አጥብቃ ነው አላልታ?

ጋሼ፦ አላልታ። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሲፈልግ።»

ሚጣ፦ ስልክዎ እየነዘረ ነው፣ ማይኩ ውስጥ ገብቷል።

ጋሼ፦ ቆይ… እሷ ናት። «ዳቦ አለ» ትላለች።

ሚጣ፦ ታዲያ ጥሩ ነዋ፣ አይግዙ።

ጋሼ፦ በምን አወቅሽ? ልጁ ዳቦ አለ ቢሆንስ? ግዛ ማለቷ ቢሆንስ?

ሚጣ፦ ጋሼ…

ጋሼ፦ ልደውልላት። ቅጂውን አቁሚው።