ደንበኛዬ በር ላይ ቆመው የተመለሱበት ቀን

እንደምን ሰነበታችሁ፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም። ብቻዬን ላወራበት የፈለግሁት ጉዳይ የቤት እንስሳ በሥራ ቦታ ሲኖር ለደንበኛ ምን ማለት እንደሚሆን ነው፤ የምናገረውም በገዛ ቢሮዬ ደርሶ፣ አንዲት የማከብራቸውን ደንበኛ ሳላውቅ አስቀይሜ፣ ከዚያም ወራት ሙሉ ሳስብበት ከቆየሁ በኋላ ነው።

ለማታውቁኝ አድማጮች፣ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አነስተኛ የታክስና የሰነድ ትርጉም ቢሮ አለችኝ። ሁለት ጠረጴዛ፣ በስተኋላ አንድ የተከለለ ክፍል፣ በር አጠገብ አንድ ሶፋና አራት ወንበር፤ ይኸው ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የሆቴልና የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች። ከጃንዋሪ መጨረሻ አንሥቶ እስከ አፕሪል 15 ድረስ ከሥራ መልስ እየመጡ ተራ ይጠብቃሉ፤ የገቢያቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር፣ የፍቺያቸውንና የዕዳቸውን ጉዳይ ሳይቀር ያዋዩኛል።

በፌብሩዋሪ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ለስድስት ዓመት ታክሳቸውን የሠራሁላቸው አንዲት እናት በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ቆሙ። የበሩን እጀታ አልለቀቁም። በሌላው እጃቸው ደብልዩ ቱ፣ ማለትም አሠሪ የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ ማስረጃ፣ የያዘውን ፖስታ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ፤ ብርድ ይመታዎታል» አልኋቸው። «የለም ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል፤ ነፋሱ ደስ ይላል» አሉኝ። ውጭው ከዜሮ በታች ነበር፤ የትናንቱ በረዶ በእግረኛው መንገድ ዳር እንደተቆለለ ነው። እኔ ግን በስልክ ሌላ ደንበኛ ይዤ ስለነበር ቃላቸውን እንዳለ ተቀበልሁ፤ ይህንን ስናገር ዛሬም ይከፋኛል። ፖስታውን ተቀብዬ «ሲያልቅ እደውልልዎታለሁ» አልኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። ቡቺ በዚያን ሰዓት ከሶፋው ሥር ተኝቶ ነበር፤ ቀና ብሎ በሩን አየና ጅራቱን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መታ።

ቡቺ የሥራ ባልደረባዬ ውሻ ነው። ባለቤቷ ካረፈ በኋላ ባዶ ቤት መግባት አቅቷት፣ ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ከሚጠለሉበት ቦታ ወስዳ ያሳደገችው፣ ቡናማ፣ ትንሽ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ነው። በታክስ ወቅት በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ስለምንሠራ ቤት ብቻውን ትቶ መምጣት አልሆነላትም፤ ይዛው ልትመጣ ስትጠይቀኝም ያለ ማመንታት ፈቀድሁ። በዚህ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ በጁን ወር ውሻን ይዞ ወደ ሥራ የሚመጣበት ቀን አለ፤ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም፣ አማዞንና ጉግልን የመሳሰሉት፣ ውሻ ወደ ቢሮ እንዲገባ ከፈቀዱ ቆይተዋል።

ደግሞም ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ያ የለመድነው ለቅሶና «እንሂድ» የሚል ጉትጎታ ቀረ፤ ልጆቹ ከቡቺ ፊት መሬት ላይ ተቀምጠው እናቶቻቸው ሥራቸውን ጨርሰው ሲጠሯቸው እንኳ አይነሡም ነበር። ባልደረባዬም ከሐዘኗ ቀስ በቀስ ስትወጣ አይቻለሁ፤ ሰው በምሳ ሰዓት ውሻ ይዞ ዐሥር ደቂቃ መራመዱ ፊቱን ምን ያህል እንደሚለውጠው ከእርሷ ነው የተማርሁት።

ይህ የእኔ ብቻ ግምት እንዳይመስላችሁ፣ በግሪንስቦሮ፣ ኖርዝ ካሮላይና በሚገኝ ሪፕሌስመንትስ በተባለ ኩባንያ ውስጥ የተደረገ የታወቀ ጥናት አለ። ኩባንያው የሚሸጠው ፋብሪካ ማምረቱን ያቆመውን የሸክላ ሳሕን፣ የክሪስታል ብርጭቆና የብር ማንኪያ ነው፤ በዚያ ሁሉ ተሰባሪ ዕቃ መካከል ሠራተኞች ውሾቻቸውን ይዘው ይገባሉ። የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ውጤት፣ ውሻቸውን ይዘው የመጡት ሠራተኞች የሚሰማቸው ጭንቀት ቀኑ ሲገፋ ሲቀንስ፣ ውሻ ባልያዙት ላይ ግን ሲጨምር ታይቷል። እኔም ስፈቅድ ስለዚህ ጥናት አንብቤ ነበርና ልቤ ተደላድሎ ነበር። ነገር ግን ጭንቀታቸው የተለካው የሠራተኞቹ መሆኑን፣ በበሩ የሚገባውን ሰው ማንም እንዳልጠየቀው ያስተዋልሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ሠራተኛ ስሜቱን ይናገራል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ስብሰባ ላይ እጁን ያነሣል። የማይመቸው ደንበኛ ግን ዝም ብሎ ሌላ ቢሮ ይፈልጋል፤ በተለይ የእኛ ሰው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገሬ ይኸው ነውና። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር በደንበኛና በባለሙያ መካከል ሲገባ የሚሠራውን ሥራ ማንም የንግድ አማካሪ የሚያስተምረን አይመስለኝም። የፈራ ሰው «ፈራሁ» አይልም፤ «ነፋሱ ደስ ይላል» ይላል። የተጸየፈ ሰው «ቸኩያለሁ» ይላል። በውሻው አለርጂ ሳል የያዘው ሰው «ጉንፋን ነው» ይላል። ያን ክረምት «እቸኩላለሁ» ብለው ፖስታቸውን አስቀምጠው የሄዱትን ደንበኞች ቆጥሬ አላውቅም፤ በቅንነት አመንኋቸው። ደንበኛው ቅሬታ አላቀረበም ማለት ተስማምቶታል ማለት ነው የሚለውን ደንብ ከዚህ አገር ቢሮዎች ወስጄ፣ ቅሬታ ማቅረብን እንደ ነውር ለሚያይ ሕዝብ ተግባራዊ አደረግሁት።

እውነቱን የነገረኝ የእኒያ እናት ልጅ ነው። በማርች ወር ወረቀታቸውን ሊወስድ ብቻውን መጣ። በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚጭን ሹፌር ነው። እርሱም ሶፋው ላይ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ከፈረመ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «እኅቴ፣ እናቴ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ ግን ሌላ ታክስ ሠሪ ፈልግልኝ ስትለኝ አልቻልኩም። ሶላት ትሰግዳለች። ውሻው ቀሚሷን ከላሰው ቤት ሄዳ ሁሉንም ማጠብ አለባት፤ አንቺን ደግሞ ማሳፈር አልፈለገችም።»

እኒህ እናት የሐረር ሰው ናቸው፤ በሐረር በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ አስተምህሮ፣ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ልጁ ቀጠለና ስለ ራሱ ነገረኝ። እርሱ መኪናው ውስጥ ውሻ ይጭናል። ዓይነ ስውር ተሳፋሪ መሪ ውሻውን ይዞ ሲመጣ እምቢ እንዳይል ሕጉ ያስገድደዋል፤ «ሕጉ ባያስገድደኝም እጭነዋለሁ፤ ውሻው ዓይኑ ነው» አለኝ። ለዚህ ብሎ የኋላ ወንበሩ ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ ገዝቷል፤ ማታ ማታ አውጥቶ ያጥባል። «ያንቺ ውሻ ግን የማን ዓይን ነው?» አላለኝም። ሊል ይችል ነበር፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

የአሜሪካ ሕግም ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለአንድ ተግባር የሠለጠነ ውሻ ከባለቤቱ ጋር ለሕዝብ ክፍት ወደሆነ ቦታ ሁሉ እንዲገባ ይፈቅዳል። ባለ ቢሮው መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ፣ ምን ሥራስ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጣ ማለት አይቻልም፤ ሌላ ደንበኛ ውሻ ይፈራል ወይም አለርጂ አለበት ብሎ መከልከልም አይቻልም። አጠገብ በመሆኑ ብቻ የሚያጽናና እንስሳ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አይካተትም። ስለዚህ መሪ ውሻ የያዘ ደንበኛ ነገ ቢመጣ በሬ ክፍት ነው፤ የሌሎቹን ምቾት የማመቻቸው እኔ ነኝ። ቡቺ ግን በሕግ ዓይን የባልደረባዬ ወዳጅ እንጂ ሠራተኛ አይደለም።

ልጁ ከሄደ በኋላ ስለ እናቱ ብዙ አሰብሁ። የሐረር ሰው እንስሳ የሚፈራ ሰው አይደለም። በዚያች ከተማ ሲመሽ ጅብ ከግንቡ ውጭ ይጠራል፤ ሰው በእጁ፣ አንዳንዴም በአፉ በያዘው እንጨት ሥጋ ያጎርሰዋል፤ በግንቡ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ስለዚህ ነገሩ የፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። እኛ ባደግንበት አገር እንስሳ ሁሉ ቦታና ሥራ አለው፤ ድመት እህል መጋዘን ውስጥ አይጥ ትጠብቃለች፣ ውሻ ደጅ ያድራል። በአዲስ አበባ ስንት የብረት በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ አንብበን አልፈናል! የጽሑፉ ትርጉም አንድ ነው፤ አትግባ። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡት ደግሞ በእብድ ውሻ የተነከሰ ጎረቤት ጉለሌ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት ድረስ እየተመላለሰ ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ ሲወጋ ያስታውሳሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እንዲህ ያደገ ሰው ውሻ በር ላይ ሲያይ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ይቆማል። እኔ ቡቺን እንደ እንኳን ደኅና መጣችሁ ነበር የማየው፤ ከበሩ ማዶ የቆመው ሰው ግን የሚያነበው ያንን የብረት በር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በአንበሶች ተከበው ችሎት ሲቀመጡ የሚያሳየውን የቆየ የአውሮፓውያን ሥዕል ሳየው፣ ባለቤቱ አጠገብ ያለ እንስሳ ገና ቃል ሳይወጣ ለእንግዳው አንድ ነገር እንደሚነግረው ይታየኛል።

ውሻ ለሚወድ ደንበኛም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ በቪየና ሕሙማኑን ሲያነጋግር ዮፊ የምትባል ቻው ቻው ውሻው ክፍሉ ውስጥ ትተኛ ነበር፤ ሕሙማኑን ታረጋጋለች ብሎም ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእርሱ ዘንድ ታክመው ከነበሩት አንዷ፣ ገጣሚዋ ሂልዳ ዱሊትል፣ ዮፊ በክፍሉ ስትንጎራደድ ፕሮፌሰሩ ከገጣሚዋ ታሪክ ይልቅ ወደ ዮፊ ያዘነበለ መስሎ ይሰማትና ቅር ይላት እንደነበር ጽፋለች። ይህንን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ወጣት የፍቺውን ወረቀት ሊያስተረጉም መጥቶ፣ ገና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ቡቺ ኳሱን አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረ። እኔ ጎንበስ ብዬ ወረወርሁለት። ወጣቱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን የጠየቅሁትን ብቻ መለሰ። ደንበኛ የሚከፍለው ለትኩረቴም ጭምር ነው፤ በዚያች ደቂቃ ትኩረቴን ለሌላ ሰጠሁበት።

ባልደረባዬን ማነጋገር ከሁሉ ከብዶኝ ነበር፤ ብቸኝነቷን አውቃለሁና። ከሥራ በኋላ ቡና አፍልቼ የሹፌሩን ቃል እንዳለ ነገርኋት። አለቀሰች። «ሰው እንዲህ ሲጨነቅ እኔ እንዴት አላየሁም?» አለችኝ። ያላየነው ሁለታችንም ነን። የተስማማነውም ቡቺ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ እንዲመጣ፣ በእነዚያም ቀናት በኋለኛው ክፍል እንዲውል፣ ቀጠሮ ለማስያዝ የሚደውል ሰው ሁሉ አስቀድሞ እንዲነገረው ነው። ስንናገርም «ውሻ ይረብሽዎታል?» ብለን አንጠይቅም፤ እንዲህ ከተጠየቀ የእኛ ሰው «ኧረ ምንም አይል» ነው የሚለው። «ማክሰኞና ሐሙስ ውሻ አለ፤ በሌሎቹ ቀናት የለም፤ የትኛው ይመችዎታል?» እንላለን። ሰውዬው ቀን ይመርጣል፤ ምክንያቱን ለራሱ ይይዛል። የጨርቁን ሶፋ አውጥተን የሚወለወሉ ወንበሮች አስገባን፤ አለርጂ የሚያስነሣው ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን በምራቁና በቆዳው ላይ ያለው ፕሮቲን ስለሆነ፣ ውሻው በሌለበት ቀንም ጨርቅ ላይ ይቆያል። ልጆቹ ቅር ብሏቸዋል፤ አንዳንድ እናቶች አሁን ሆን ብለው ማክሰኞ ይመጣሉ።

ለእኒያ እናት ራሴ ደወልሁ። ይቅርታ ስጠይቅ «ምን አድርገሽ ልጄ?» አሉኝ፤ ጉዳዩን ራሴ በስሙ እስክጠራው ድረስ አላነሡትም። በዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ አንድ ሰኞ መጡ። በሩን ከፍተው ቆሙ፤ ወለሉን በዓይናቸው ዞሩበት። ከዚያ ገብተው አዲሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ውሻው የታለ?» አሉኝ።

«ቤቱ ነው፤ ሰኞ አይመጣም።»

«ለእኔ ብላችሁ ነው?»

ድሮ ቢሆን «ኧረ በጭራሽ» እል ነበር። «አዎ እናቴ፣ ለእርስዎ ብለን ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ቦርሳቸውን ከፍተው ፖስታውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።