«እጁን ብቻ አስተካክልልን»፦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ኪነ ጥበብ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ዝግጅት የስልክ መስመሩን ያጨናነቀው አንድ ጉዳይ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን የፈጠራ ሥራ ምን ያደርገዋል የሚለው። እኔ ዕድሜዬን በሥዕልና ሥዕል በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም። ስለ ማሽኑ የማውቀውን ያወቅሁት ሥራዬ አስገድዶኝ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጽሐፍ ሽፋን ሠዓሊ ነኝ። በቅርቡ አንድ አሳታሚ በማሽን የተሠራ ሥዕል ልኮ «ስድስተኛውን ጣት አጥፋና እጁን ብቻ አስተካክልልን» አለኝ። የሚከፍለኝ የቀድሞውን ሩብ ነው። ሥራዬ አበቃለት ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አይዞዎት፣ ምንም አይመጣም» ብዬ ልሸነግልዎት አልፈልግም። ፎቶግራፍ በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሲሆን የሠዓሊ ዘመን አከተመ ያሉ ብዙ ነበሩ። ሁሉም ሠዓሊ ሥራ አላጣም። በመዳፍ የሚያዙ ትንንሽ የሰው መልኮችን እየሣሉ ይተዳደሩ የነበሩት ግን በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ገበያቸው ደረቀ። አንዳንዶቹ ራሳቸው ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ሌሎቹ በፎቶግራፍ ላይ ቀለም መቀባት ያዙ። አሳታሚው ለእርስዎ የላከው ሥራ የዚያ ቀለም መቀባት ታናሽ ወንድም ነው።

ሥዕል ራሱ መልክ የመገልበጥን ኃላፊነት ለካሜራው አስረክቦ ወደ ሌላ ፊቱን አዞረ። ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት፣ ከዝርዝር መልክ ይልቅ የብርሃንን ቅጽበት ለመያዝ የጣሩት ሠዓሊዎች የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ በ1874 የተከፈተው ናዳር የሚባለው ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ይሠራበት በነበረው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ስለዚህ ሥዕል ይተርፋል። ሠዓሊው ይተርፋል ወይ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እርስዎም የደወሉት ለዚህኛው ነው።

ማሽኑ ከታላላቆቹ ይበልጣል ብዬ እንቅልፍ አላጣም። እኔን የሚያስጨንቀኝ የሚወስደው ሥራ ዓይነት ነው፤ የሽፋን ረቂቅ፣ የማስታወቂያ ዜማ፣ በልጆች መማሪያ መጽሐፍ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ድመት። ማንም የማይኮራበት ሥራ ነው። ነገር ግን የሁላችንም እጅ የተፍታታው በእሱ ላይ ነው። እኔ በወጣትነቴ ለአንድ የዕቃ ዝርዝር መጽሔት አርባ ያህል የበር እጀታዎች ሥያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥሩ ከእንጨት የተሠሩ ይመስሉ ነበር። ዐሥራ አምስተኛው ላይ ስደርስ ብረት ብርሃንን እንዴት እንደሚይዝ ገባኝ፤ በጣም የሚያበራው ቦታ በጣም ከጠቆረው ቦታ አጠገብ እንደሆነ፣ በመካከላቸውም ግራጫ እንደሌለ። እየከፈሉ አስተማሩኝ ማለት ነው። ዛሬ ያን የመሰለ ሥራ ለጀማሪ የሚሰጥ እየጠፋ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የበሰለ ሠዓሊ ስንፈልግ ከየት እናመጣዋለን?

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። ጥገናውን በሩብ ዋጋ አይቀበሉ። እጅ ሲስተካከል ክንድ ይዞራል፣ ክንድ ሲዞር ትከሻው ይነሣል፣ ጥላውም ቦታ ይለውጣል፤ ከአዲስ ሥዕል ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። በሰዓት ያስከፍሉ። ውል ሲፈርሙም ሥዕልዎ ለማሽን ማሠልጠኛ እንዳይውል በጽሑፍ ያስገቡ። «ብቻዬን ማን ይሰማኛል» ካሉ እውነትዎን ነው። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ ያቆሙት በማኅበር ሆነው ነው። ባገኙት ውል መሠረት ስቱዲዮዎች በማሽን የተጻፈ ነገር ለጸሐፊ ሲሰጡ ይህንኑ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ማሽኑም ከጸሐፊ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ይህ ነገር ይፈጥራል ወይስ ይሰርቃል? አንዱን ይንገሩኝ።

መልስ፦ መምህር፣ አንዱን ብቻ ብነግርዎት ዋሾ እሆናለሁ። ሥዕል የሚያወጣው ማሽን የሚሠለጥነው እንዲህ ነው። በአንድ ሥዕል ላይ፣ ጣቢያው የጠፋ ቴሌቪዥን እስኪመስል ድረስ፣ ነጥብ ይነሰነስበታል። ማሽኑ ነጥቡን እየጠረገ ከሥር የነበረውን እንዲገምት ይደረጋል። ይህ እጅግ ብዙ በሆኑ ሥዕሎች ላይ ሲደጋገም፣ በመጨረሻ ከባዶ ብናኝ ተነሥቶ በምድር ላይ የሌለ ሰው ፊት ያወጣል። ጽሑፍ የሚያወጣው ደግሞ የሚቀጥለውን ቃል እየገመተ ይሄዳል። እንግዲህ ሥዕሎቹን በመሳቢያ ቆልፎ እየቆራረጠ የሚለጥፍ አይደለም። ይሁንና በሥልጠናው ወቅት ደጋግሞ ያየውን ሥራ አልፎ አልፎ ቁልጭ አድርጎ የሚገለብጥበት ጊዜ አለ።

ስርቆቱን የምንፈልግበት ሌላ ቦታ አለ፤ ማሠልጠኛው ከየት መጣ የሚለው። በ2025 ደራስያን አንትሮፒክ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ላይ ባቀረቡት ክስ አንድ የአሜሪካ ዳኛ ሁለቱን ለይቶ አየ። ተገዝተው በእጅ በገቡ መጻሕፍት ማሠልጠን ይፈቀዳል አለ፤ ያለ ፈቃድ ከተባዙ ቅጂዎች ቤተ መጻሕፍት ማከማቸት ግን አይፈቀድም። ኩባንያውም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ደራሲው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ቢያንስ በአንድ ፍርድ ቤት ታውቋል።

ይፈጥራል ወይ ለሚለው፣ ክርክሩ ከእኛ በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊቷ የሒሳብ ሊቅ አዳ ላቭሌስ በ1843 ገና ተሠርቶ ስላላለቀ የስሌት ማሽን ስትጽፍ፣ የምናዝዘውን ይፈጽማል እንጂ ከራሱ የሚያመነጨው ነገር የለም አለች። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን ውስብስብ ሙዚቃ ሊደርስ እንደሚችል ገመተች። ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ እሷኑ ይጠቅሳሉ።

ጥያቄ፦ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ግጥም ስጽፍ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ማሽኑ እንዲሰጠኝ እጠይቅና ከዚያ እቀጥላለሁ። ጓደኞቼ ወደውታል። ግጥሙ የእኔ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ የማን እንደሆነ ከመጠየቅሽ በፊት የማንን እንደሚመስል ጠይቂ። በ2024 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ሦስት መቶ ለሚጠጉ ሰዎች አጭር ታሪክ እንዲጽፉ ተነገራቸው፤ ከፊሎቹ መነሻ ሐሳብ ከማሽን መቀበል ተፈቀደላቸው። በሐሳቡ የታገዙት ታሪኮች በአንባቢዎች ዘንድ የተሻለ ግምት አገኙ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም የፈጠራ ዝንባሌያቸው ደከም ያለው ጸሐፊዎች ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ታሪኮቹ እርስ በርስ ተመሳሰሉ። ጓደኞችሽ የወደዱት አንዱን ግጥም ለብቻው አይተው ነው። እኔ ተማሪዎቼ የሚያመጡትን ሠላሳና አርባ በአንድ ላይ ስለማነብ፣ ጨረቃዋ ለሁሉም በዚያው መስኮት እንደምትገባ አያለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላሳይሽ። «ልጄ አለ» ብለሽ ጻፊ። «አለ» ሲላላ አንድ ሰው «ልጄ» ብሎ ተጣራ ማለት ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ልጄ በሕይወት ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማይጽፍ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልጇ ርቆ ሄዶ ወሬው የጠፋባት እናት በግጥምሽ ውስጥ ይህ ስንኝ ቢደርሳት፣ አንባቢው አላልቶ ጀምሮ አጥብቆ ሊጨርሰው ይችላል፤ በመካከሉ ትንፋሹ ይያዛል። ማሽኑን ብትጠይቂው ሁለቱን ትርጉሞች ሳይሳሳት ይዘረዝርልሽ ይሆናል። ከሁለቱ አንደኛው እውነት እንዲሆን የሚመኝበት ምክንያት ግን የለውም። አንቺ አለሽ፤ ቢያንስ ስትጽፊው ሊኖርሽ ይገባል።

ስለዚህ ተራውን ገልብጪው። የመጀመሪያውን ስንኝ፣ አስቀያሚ ቢሆንም፣ አንቺ ጻፊው። ጨርሰሽ ስታበቂ ማሽኑን «ከእነዚህ ውስጥ የተለመደው አባባል የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው። በእኔ ልምድ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ነው፤ የተለመደውን ነገር እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። የነገረሽን ስንኝ ሰርዢው።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ። በማሽን ያሠራሁትን ዜማ በስሜ ማስመዝገብ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደየአገሩ ሕግ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥር 2025 ባወጣው ዘገባ፣ አሁን ባሉት ማሽኖች ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ደራሲ አያሰኝም ብሏል። በ2022 በኮሎራዶ ውድድር በማሽን በተሠራ ሥዕል ተሸልሞ ዓለምን ያነጋገረው ጄሰን አለን ትእዛዙን ቢያንስ 624 ጊዜ እንደለዋወጠ ቢያስረዳም፣ ምዝገባው አልተፈቀደለትም። እርስዎ የጻፉት ግጥም፣ በራስዎ ጆሮ ቆራርጠው ያደራጁት ክፍል፣ በእጅዎ የተጫወቱት ክር ግን የእርስዎ ነው። ረቂቆችዎን ከነቀናቸው ያስቀምጡ፤ ክርክር ሲነሣ የሚያድንዎት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ሥዕል ባስተምረው ገንዘብ ማባከን ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ልጅዎን ወንበር ፊት አስቀምጠው ሣል ይበሉት። አራቱንም እግሮች እኩል ያደርጋቸዋል፤ እኩል መሆናቸውን ስለሚያውቅ። ከዚያ «ከምታውቀው ይልቅ የምታየውን ሣል» ሲባል የኋለኞቹ እንደሚያጥሩ በገዛ ዐይኑ ያገኘዋል። ይህን ያገኘ ልጅ ነገ ሠዓሊ ባይሆንም፣ ማሽን የሰጠውን ሁሉ አሜን ብሎ አይቀበልም።

ጥያቄ፦ እርስዎስ ይጠቀሙበታል? እውነቱን ይንገሩን።

መልስ፦ እጠቀምበታለሁ። ባለፈው ጊዜ የጫማውን ማሠሪያ የሚያሥር ሽማግሌ ለመሣል ፈልጌ ማሽኑን አቀማመጡን አሳየኝ አልኩት። በሰከንዶች ውስጥ ስምንት ሽማግሌዎች ሰጠኝ። ቆዳቸው፣ ሽበታቸው፣ ብርሃኑ ሁሉ እንከን የለውም፤ አምስት አምስት ጣት አላቸው። ማሠሪያውን በዐይኔ ስከተለው ግን ከቀዳዳው ወጥቶ ወደ ቋጠሮው ሳይደርስ ጫማው ውስጥ ቀለጠ። ዘጋሁትና ጎረቤቴን ለምኜ አስቀመጥኩት። ዐሥር ደቂቃ አልቆየም፤ ወገቤን አለ፣ ጉልበቴን አለ፣ ስልክ አነሣ፣ መጨረሻ ላይ ማሠሪያውን ትቶ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። «እንዲያ ሁኑልኝ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አልኩት። የሣልኩት እሱን ነው፤ ማሠሪያው እስካሁን አልታሠረም።